የስመኘው ማጭድ

ትዝታ የሚያበዛ ሰው ያሰለቸኛል። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «እኛ ልጅ ሳለን» ብሎ የሚጀምር አጎት አለኝ፤ እሱ አፉን ሲከፍት እኔ ተነስቼ እወጣለሁ። አሁን ግን ራሴው ልጀምር ነው። ጥፋቱ የኔ አይደለም፣ የሽታው ነው።

ባለፈው ክረምት እናቴን ልጠይቅ ወደ መተማ ወርጄ ነበር። ከሸሕዲ የያዝነው ባጃጅ ጭቃ ውስጥ ገብቶ አልወጣም ሲል፣ ልጄን ይዤ የቀረውን በእግር አዘገምኩ። እርሻችን ዳር ስንደርስ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ዲዛው ሥር ቆሜ ቀሚሴን ስጨምቅ ሽታው መጣብኝ፤ የረጠበ ዝገትና የረጠበ የዛፍ ልጥ፣ ጎምዘዝ ያለ፣ ሳንቲም ምላስ ላይ ሲያስቀምጡት እንደሚሰማው ያለ። ሳላስበው ጉንጬን ግንዱ ላይ ለጥፌ ቀረሁ።

«እማዬ፣ ዛፉን እየሳምሽው ነው?» አለኝ ልጄ።

«አዎ፣ ምን አገባህ?» አልኩት። እንባዬ መጥቶ ስለነበር ነው የተቆጣሁት።

ዲዛን ለማያውቅ ልንገር። ቆላ ላይ የሚበቅል፣ ግንዱ እንደ ጎተራ የወፈረ ዛፍ ነው፤ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ የሞተ ይመስላል፣ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። ፍሬው ውስጥ ነጭ ጎምዛዛ ዱቄት አለ፤ ሱዳኖች ጎንጎሌስ ይሉታል፣ እኛ ልጆቹ ግን ስሙን ሳንጠይቅ እየመጠጥን ነው ያደግነው። የኛ ዲዛ ከሌላው የሚለየው በሆዱ ነው፤ ብረት የዋጠ ነው። ሰው እጁን ዘርግቶ እስከሚደርስበት ድረስ ዙሪያውን፣ እዚህ የማጭድ ጫፍ፣ እዚያ የማጭድ ጀርባ ከልጡ ብቅ ብሎ ይታያል። በፀሐይ መውጫ በኩል አንድ የግመል ቃጭል ግማሹ ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ ሆኖ ቀርቷል። ከሥሩ አካባቢ ደግሞ የሰንሰለት ቀለበት አለ፤ ጣሊያን ያሰረው ነው የሚሉ አሉ፣ የለም የከብት ሌባ ነው የሚሉም አሉ። እኔ የማምነው የሌባውን ነው፤ ደስ ስለሚል።

ያኔ የፊት ጥርሶቼ የወላለቁ፣ ትምህርት ቤት ገና የገባሁ ልጅ ነበርኩ። ዛፉ ብረት በል ነው ብዬ አምን ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ነኝ የደረስኩበት። አምና ሙሉ የነበረ ማጭድ ዘንድሮ ግማሽ ከሆነ፣ ግማሹን ማን በላው? ስለዚህ መሬት ላይ ያገኘሁትን ምስማር ሁሉ የልጡ ስንጥቅ ውስጥ እየሻጥኩ አበላው ነበር። መሬት ላይ ያለው ሲያልቅ ከቤቱ በር መንቀል ጀመርኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ቤቱን ለዛፍ አብልተሽ ልትጨርሺው ነው?» አለች እናቴ፣ ጆሮዬን ይዛ አንድ በአንድ እያስለቀመችኝ። አንዱ ምስማር ግን ጠልቆ ስለነበር አልወጣም። እንደወደደለት ገብቶኝ ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ።

ብረቱ እውነት እንዴት እዚያ እንደገባ የነገሩኝ እርሻችን ላይ የሚኖሩት ሽማግሌ፣ አያ ፈንቴ ናቸው። በኛ በኩል ሰሊጥ የሚያጭዱት ከደጋ የሚመጡ ሠራተኞች ናቸው፤ ሳሉግ እንላቸዋለን። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከወዲያ ከወዲህ ይመጣሉ፣ ሁሉም የየራሱን ማጭድ ይዞ። አጨዳው አልቆ ወደ አገራቸው ሲሳፈሩ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ወደኛው እርሻ ሊመለስ ያሰበ ሰው ማጭዱን ዲዛው ላይ ይሰካል። ግንዱ ለስላሳ ነው፤ አንዴ ጠንከር አድርጎ ለመታው ጫፉን ይቀበላል። ይሄ ቀጠሮ ነው። በዓመቱ መጥቶ ማጭዱን ከዛፉ የነቀለ ሰው ካዲስ መጤ ሁሉ በፊት ሥራ ያገኛል፤ አባቴ «ሰው ሞልቶብኛል» ማለት አይችልም።

ያልተመለሰ ሰው ማጭድ ግን አይነካም። ይዛግ፣ ይሰበር፣ የሌላ ሰው እጅ አያወጣውም። ዛፉ በየዓመቱ ልጡን ትንሽ በትንሽ እያለበሰ እዚያው ይውጠዋል። ሳሉጎቹ ታዲያ የሚሉት ነገር አለ፤ ብረቱ እስከታየ ድረስ ሰውየው አለ ይባላል፣ አይለቀስለትም። ዛፉ ጨርሶ የዘጋ እንደሆነ ግን ዘመድ ያለው ሰው ወደ አገሩ ይገባና እርሙን ያወጣል።

አያ ፈንቴ ራሳቸው ከጎጃም የመጡ ሳሉግ ነበሩ። የመጡት አባቴ ልጅ ሳለ ነው፣ ከታናሽ ወንድማቸው ጋር። አጨዳው ሲያልቅ ወንድማቸው «ድንበሩን ተሻግሬ ገዳሪፍ ትንሽ ጭነት ልሥራና ልምጣ፣ እዚሁ ጠብቀኝ» አላቸው፤ ማጭዱን ዲዛው ላይ ሰክቶ ሄደ። ጠበቁት። እሳቸው ሲጠብቁ የአባቴ አባት በንዳድ ሞተ፣ እርሻው ላይ አንዲት ሴትና አንድ ትንሽ ልጅ ቀሩ። አያ ፈንቴ «እስኪመጣ ድረስ» ብለው ዘሩላቸው፤ «እስኪመጣ ድረስ» ብለው አረሙላቸው። ያን ትንሽ ልጅ፣ ማለት አባቴን፣ ማጭድ መሳል አስተማሩት፤ ነዶ ከማንሳቱ በፊት እባብ እንዳለ በዱላ መንካት፣ ዳመና አይቶ ሰሊጥ መዝራት፣ ሁሉን አስተማሩት። ወንድማቸው አልመጣም። እሳቸውም አልሄዱም።

እኔ ስደርስባቸው ሽማግሌ ነበሩ። ጎጇቸው ዲዛው ሥር ነበረች፤ ከደጃፏ አንገሬብ የምንለው የገመድ አልጋቸው አይጠፋም። ያባቴና የሳቸው ነገር ግን ይገርመኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ አብረው ውለው የሚያወሩት ስለ ዝናብና ስለ አይጥ ብቻ ነው። አባቴ «አያ ፈንቴ» ይላቸዋል እንደማንም ሰው፤ እሳቸው «ደምሌ» ይሉታል፣ በቃ። አባቴ ደግሞ እንኳን ለሳቸው ለኔም ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ካመመኝ ግንባሬን በመዳፉ ይነካና «ደህና ነሽ» ይላል፤ መጠየቁ ይሁን መንገሩ አይታወቅም።

የኔ ሥራ ጠዋት ጠዋት ለአያ ፈንቴ ቂጣና ውኃ ማድረስ ነበር። በበሉ ቁጥር ብብቴን ይዘው ያነሱኝና ከፍ ብሎ ያለችውን አንዲት የማጭድ ጫፍ ያስነኩኛል።

«በይ ትርንጌ፣ ስመኘውን እንዴት አደርክ በይው።»

«ስመኘው፣ እንዴት አደርክ?»

እኔ ስመኘው የማጭዱ ስም ይመስለኝ ነበር። ለበሬ ስም ይወጣ የለ? ለማጭድ የማይወጣበት ምክንያት አልታየኝም። እንዲያውም ሌሎቹን ማጭዶች ስም የለሽ ናቸው ብዬ አዝንላቸው ነበር፤ አንዱን እሸቴ፣ አንዱን ሙሉነህ አልኳቸው።

በነሐሴ አራሚዎቹን የጫነ አይሱዙ መጣ። ከነሱ መሐል የአያ ፈንቴ የሰፈር ሰው፣ ዋለልኝ የሚባል ረዥም ጎረምሳ ነበር። በየዓመቱ የሚመጣና የእህታቸውን መልእክት የሚያደርስ እሱ ነው። እህታቸው እትዬ ጥሩ፣ በየዓመቱ የምትልከው አንድ ጥያቄ ነው፤ «የስመኘው ብረት ይታያል ወይ?» አያ ፈንቴ በየዓመቱ የሚመልሱት አንድ መልስ ነው፤ «ይታያል በላት።»

ያን ዓመት ግን ዋለልኝ ሻንጣውን ሳያወርድ ቆመ።

«ዘንድሮ የጨመሩት ቃል አለ፣ አያ» አለ። «እንደሱ ብለህ ንገረው ብለውኛል። ‹ዓይኔ ጨልሟል። ደረቴን ደቅቼ ማልቀስ ሳይሳነኝ ለወንድሜ ላልቅስለት። ብረቱ ኸተዘጋ እንዳትደብቀኝ፤ በሰው አትላክብኝ፣ ራስህ መጥተህ ንገረኝ› ነው ያሉት።»

አያ ፈንቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «አይ ጥሩዬ» አሉ።

እኔ እያለቀስኩ ወደ እናቴ ሮጥኩ። የገረመኝ ስመኘው ሰው መሆኑ ነው። እናቴ ሳቀች፤ ሳቋን ስትጨርስ ግን አስቀምጣ እንዳዋቂ ነገረችኝ። ብረቱ ከተዘጋ አያ ፈንቴ ጎጃም ይሄዳሉ፤ እርም ማውጣት ካገር ልጅ ጋር ነው። «በሳቸው ዕድሜ ደጋ የወጣ ሽማግሌ ተመልሶ ቆላ ይወርዳል ብለሽ ነው? እኔንጃ ልጄ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ጠዋት ቂጣውን ይዤ ስሄድ ዓይኔ ማጭዷ ላይ ነው። ያ ክረምት ደግሞ ዝናቡ እንደ ጉድ ነበር፤ ዲዛው ጠጥቶ ጠጥቶ አበጠ። ስመኘው አውራ ጣቴን ያህል ይታይ የነበረው የጥፍሬን ያህል ሆነ። አያ ፈንቴ ሲያነሱኝ እፈራ ጀመር።

እና አንድ ቀን ዘዴ መጣልኝ። ዛፉ ብረት የሚበላው ስለሚጣፍጠው አይደል? እንግዲያው እንዳይጣፍጠው ማድረግ ነዋ! ከእናቴ ጓዳ በርበሬ ዘግኜ፣ በውኃ ለውሼ፣ ባልዲ ገልብጬ ቆምኩና የስመኘውን ዙሪያ አጥግቤ ቀባሁት። እጄን ሳልታጠብ ዓይኔን አሸሁና ጩኸቴ ሸሕዲ ድረስ ተሰማ።

አያ ፈንቴ ዱላቸውን ይዘው ሮጠው መጡ። የዛፉን መቅላት አዩ፣ እኔን አዩ።

«ምነው ልጄ፣ ዛፉን ወጥ ልትሠሪበት ነው?»

«እንዳይበላው ነው!» አልኩ እያለቀስኩ። «እንዳይሄዱ ነው!»

ዓይኔን በውኃ አጠቡልኝ። እጃቸው ረጋ ያለ ነበር፤ ውኃው ካለቀ በኋላም ፊቴን ይዘው ቆዩ።

በማግስቱ ሄጄ ባይ፣ አቤት የፈጣሪ ሥራ! ስመኘው ወጥቷል። ልጡ ዙሪያውን ሸሽቶለት ብረቱ እንደገና አውራ ጣቴን ያህል ሆኗል። እልል አልኩ። ሰፈሩን በሙሉ አዳርሼ «በርበሬዬ ሠራ!» አልኩ። ሳሉጎቹ ሳቁብኝ። አባቴ ማጭድ እየሳለ ነበር፤ ቀና ብሎ አየኝና «ጎበዝ» አለኝ። አባቴ ጎበዝ ያለኝ ያን ቀን ነው፤ ሌላ ጊዜ ማለቱን አላስታውስም። ከዚያ ወዲያ የሚከለክለኝ ጠፋ፤ በየጥቂት ቀኑ በርበሬ እቀባለሁ፣ በየጥቂት ቀኑ ስመኘው ብቅ ይላል። እናቴ በርበሬዋን እላይ ሰቀለችው፣ እኔ ደረጃ ሠርቼ አወረድኩት።

በመስከረም አጨዳው ተጀምሮ ሳለ ያረጀ ብረት የሚሰበስብ ሰው በአህያ ጋሪ መጣ። ዲዛውን ዞር ዞር ብሎ አየና ለአባቴ «ይህን ሁሉ ቆፍሬ ላውጣልህ፣ ላንተም ይበጅሃል፤ ዛገ እኮ፣ ማን ይፈልገዋል?» አለው። አባቴ በዓል ሲመጣ እንኳ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ያን ቀን ግን እንዲህ ጮኸ፦

«ጋሪህን አዙር! አሁኑኑ! እዚህ ዛፍ ሥር ዳግመኛ እንዳላይህ!»

ሰውየው አህያውን እየገረፈ ሄደ። እኔም አባቴ በዛገ ብረት ይህን ያህል መናደዱ ገርሞኝ፣ ብረቱን ለራሱ ሊሸጠው ይሆናል ብዬ ተጠራጠርኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴን በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ ያዝኩ።

መጠበቄ በከንቱ አልቀረም፣ አገኘሁት። የኛ አገር ቀትር ላይ ሰው አይንቀሳቀስም፤ ሙቀቱ ሳሉጉንም ውሻውንም ጥላ ሥር ያስተኛዋል። አያ ፈንቴም ጎጇቸው ውስጥ ያንኮራፋሉ። እኔ በርበሬዬን በቅጠል ጠቅልዬ እያደባሁ ስደርስ አባቴ ዲዛው ሥር ቆሟል። በአንድ እጁ መሮ ይዟል፤ በሌላው ደግሞ እንዳይሰማ በጨርቅ የጠቀለለው ድንጋይ። በስመኘው ዙሪያ የመጣውን ልጥ ቀስ እያደረገ ይጠርባል። አንዴ ይመታል፣ ወደ ጎጆዋ ያያል፣ ደግሞ አንዴ ይመታል። ጨርሶ ፍቅፋቂውን እፍ አለ። ከመሬት የወደቀውን አንድ ሳይቀር ለቅሞ ኪሱ ከተተ። ከዚያ አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ ብረቷን ወልወል አደረጋት።

ምን እንደተሰማኝ ታውቃላችሁ? ንዴት! በርበሬዬ አልሠራም ማለት ነው። ያ ሁሉ እልልታ፣ ያ ሁሉ የዓይን ማቃጠል ከንቱ። አባቴ ሲሄድ ጠብቄ በቀጥታ ጎጆዋ ውስጥ ገባሁና አያ ፈንቴን ቀሰቀስኳቸው።

«አባባ እያታለለን ነው! ስመኘውን የሚያወጣው እሱ ነው እንጂ በርበሬው አይደለም! በመሮ ነው፣ አይቼዋለሁ!»

እንደሚቆጡ ጠብቄ ነበር። ሽማግሌው ግን መሣቅ ጀመሩ። ድምፅ ሳያወጡ፣ ትከሻቸው ብቻ እየተንቀጠቀጠ ሳቁ፤ ሳቁና ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

«አውቃለሁ ትርንጌ፣ አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አባትሽ ኸልጅነቱ ጀምሮ ነው የሚያደርገው። አንቺን ያህል ሳለ አንዱ ሳሉግ ‹ብረቱ ሲዘጋ ፈንቴ ይሄዳል› ብሎ ሲያወራ ሰማ። በማግስቱ ስመለከት ልጡ ተጠርቧል። የሱ እጅ እንደሆነ አወቅሁ፤ እንደ ልጅ እጅ ተዘበራርቆ ነበርና።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉት?»

«አባቱ የሞተበት ልጅ ነው፣ ምን እለዋለሁ?» አሉ። «እኔም ብሆን ስመኘው ሞቷል ለማለት ልቤ አልቆረጠም። እሱ በጠረበው ቁጥር አመት አገኘሁ። እሱም እንደማላውቅ ሆነ፣ እኔም እንደማላውቅ ሆንሁ፤ እንዲህ አረጀን።»

ይህን ያሉኝ ያልገባኝ ይሆናል ብለው ነው መሰለኝ። ገብቶኝ ነበር።

አጨዳው አልቆ ሰሊጡ በነዶ በነዶ ታስሮ ቆመ። ነዶዎቹን አስደግፈው እያቆሙ የሚከምሩት ክምር ሂላ ይባላል፤ እዚያ እንደቆመ ይደርቃል፣ የፍሬው አፍ ይከፈታል፣ ያን ጊዜ ወዲያው ካልተራገፈ ዓመት የተለፋበት ሁሉ መሬት ላይ ይበተናል። በነዚያ ቀናት አባቴ ቤት አያድርም፤ ከሂላ ሂላ ነው የሚዞረው። አንድ አመሻሽ ላይ ውኃ ሊጠጣ ሲመጣ አያ ፈንቴ ከአንገሬባቸው ሳይነሱ ጠሩት። እኔ እግራቸው ሥር ተቀምጬ የሰሊጥ ፍሬ እፈለፍላለሁ።

«ደምሌ፣ ዘንድሮ መሮህን አስቀምጥ።»

አባቴ ቅሉን አፉ ላይ እንደያዘ ቀረ። «የምን መሮ?»

«ልጅቱ አይታሃለች። እኔም ዘመኔን ሙሉ አይቼሃለሁ። ተው እንግዲህ።»

ያባቴ ፊት እንደዚያ ሲቀላ አይቼ አላውቅም። መሮ ሲሠርቅ የተያዘ ልጅ መሰለ።

«ሰሊጡ እስኪራገፍ ይቆዩ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»

«ሰሊጥ በያመቱ አለ። ጥሩ ግን ዓይኗ ጠፍቶ ደጃፍ ተቀምጣ እየጠበቀችኝ ነው። አንተና እኔ እዚህ ልጥ ስንጠርብ እሷን ኸለቅሶዋ ከለከልናት። ይበቃል ልጄ።»

አባቴ ቅሉን አስቀምጦ ወደ ሂላው ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ዝናብም ስለ አይጥም መነጋገር አቆሙ። በመሐል የምመላለስ እኔ ነኝ። አንድ ቀን ፈርቼም ቢሆን አባቴን «መሮው የት አለ? እኔ ልጥረብ» አልኩት። ጭንቅላቴን ነካ አድርጎ «ተይ፣ ተዉ ብለውናል» አለኝ። መሮው ቤት ውስጥ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነበር። እጁን ለመሰብሰብ ምን ያህል እንደከበደው በልጅ ዓይኔ አይቻለሁ፤ ቤት በገባ ቁጥር መሮውን ያየውና ፊቱን ያዞራል።

ስመኘው ቀስ በቀስ ገባ። አንድ ጠዋት ቂጣ ይዤ ስሄድ አያ ፈንቴ መዳፋቸውን ግንዱ ላይ አስደግፈው ቆመው አገኘኋቸው። አላነሱኝም።

«ዘጋ» አሉ። አላለቀሱም። «በይ ሂጂና ለእናትሽ ንገሪያት፣ መኪና ሲመጣ እሳፈራለሁ።»

መኪናው የመጣው ጊዜ ሳይሰጥ ነው። የገለጉን ከተማ መንገድ ይዞ ሳሉጎችን እየለቀመ የመጣ አይሱዙ እኛ ጋ ሲቆም፣ የመጀመሪያዎቹ ሂላዎች አፋቸውን መክፈት ጀምረው ነበር። ነፋስ ሲነካቸው ሰሊጡ ሽው እያለ ይወርዳል። እናቴ ስንቅ ቋጠረች፣ የቻለችውን ሁሉ እጃቸው ላይ አኖረች። ዋለልኝ ደግፎ አወጣቸው። የመኪናው ወለል ላይ ሳሉጎቹ መሐል ጥቅልላቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ተቀመጡ። አባቴ የለም።

«ሰው እንዲህ ይሸኛል? አባት የሆኑለትን ሰው!» አለች እናቴ። «ሩጪ፣ ጥሪው!»

ሮጥኩ። ከሂላዎቹ መሐል አገኘሁት፤ ሥራ አልያዘም፣ ነዶ ተደግፎ ቆሟል። «ሊሄዱ ነው! ና!» ብዬ እጁን ጎተትኩ። «ሂጂ፣ ሥራ አለብኝ» አለኝ። ተናደድኩ፤ እግሩን በቡጢ መታሁት፣ አልወድህም አልኩት፣ እያለቀስኩ ተመለስኩ። ስደርስ ሹፌሩ ሞተር አስነስቷል። አያ ፈንቴ ከላይ ሆነው ወደ ማሳው ያያሉ። የሚያዩት ምን እንደሆነ ሁላችንም አውቀናል።

መኪናው ትንሽ እንደተንቀሳቀሰ አባቴ ከቤታችን ጀርባ ወጣ። ያየሁትን ማመን አቃተኝ። ንጹሑን ኩታውን ለብሷል፤ የለበሰው ግን አዘቅዝቆ ነው፣ ሐዘን የደረሰበት ሰው እንደሚለብሰው። ነጠላ ጫማው በአንድ እጁ፣ ዱላው በሌላው። መንገዱ ላይ መኪናው ፊት ቆመ። ሹፌሩ ፍሬን ያዘና አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ምን ሆንክ ደምሌ? ወዴት ነው?»

«አጎቴ ሞቶብኛል» አለ አባቴ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ። «ጎጃም ለቅሶ ልደርስ ነው።»

እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። አያ ፈንቴ የመኪናውን ጎን ይዘው ጎንበስ አሉ።

«ሰሊጡስ?» አሉት።

«ይርገፍ።»

ሂላው ላይ ነፋስ መጣ፣ ሰሊጡ ሲወርድ ተሰማን፤ አባቴ ዞሮ አላየውም። እናቴ «ሂድ፣ ሂድ፣ እኔ አለሁ!» እያለች ቀድማ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ታጥቅ ነበር። ዋለልኝ እጁን ዘርግቶ አባቴን ሳበው። አያ ፈንቴ ጥቅልላቸውን አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉና ቦታ ሰጡት። አባቴ አጠገባቸው ተቀምጦ ፊቱን በኩታው ሸፈነ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ከታች ይታየኛል።

ሽማግሌው የጋቢያቸውን ጫፍ ጀርባው ላይ ጣል አደረጉለት።

«ዝም በል ልጄ» አሉት። «ለቅሶው ገና ስንደርስ ነው።»